የሚጢጢ ሻንጣ ክብደት

ሐምሌ 16
ቪዛው ወጣ። የአምስታችንም። ደህና ዋልሽ ወይ እንኳ ሳልልሽ፣ ደብተሬ... ምን ላድርግ፣ ወሬው አፌን ቀደመኝ። ባሌ ወንድሙን ካየ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። ልጆቹ አጎታቸውን የሚያውቁት በስልክ ድምፁ ብቻ።
አማቴ ግን ዜናውን ሰምተው ሽንኩርታቸውን መላጥ ቀጠሉ።
"እናንተ ሂዱ። ቤቱን ማን ይጠብቃል?"
"ቤቱ እግር የለው እማማ፣ የት ይሄዳል?"
ሳቁ። እሺ ግን አላሉም። ልጃቸውን ይህን ያህል ዘመን ያላዩ እናት ለቤት ብለው ይቀራሉ? አልዋጥልኝ አለ።

ሐምሌ 21
ሻንጣ ተጀመረ። የቤታችን ሕግ ያው ነው፤ ሁሉም የራሱን ይከታል፣ የሰው ሻንጣ መክፈት የለም። እኔ መመዘን ብቻ። ሃያ ዓመት ፖስታ ቤት ጥቅል ስመዝን የኖርኩ ሴት... ሚዛኑ ሲበላሽ እጄን ነው የሚጠሩት።
ጠበቃው (የአሥራ ሁለት ዓመቱ ልጄ፤ በክርክር የሚረታው የለም) አሥር ኪሎ። ሚጢጢ፣ ሰባት ዓመቷ፣ ሦስት ኪሎ ተኩል።
"አሻንጉሊቶቼ ናቸው" አለች።

ሐምሌ 24
የሚጢጢ ሻንጣ ሰባት ኪሎ ገባ። ልብሷ እኮ ገና ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ምን ከተተች... ድንጋይ?
"አሻንጉሊቶችሽ ወለዱ እንዴ?"
"ሕግ ሕግ ነው እማዬ" አለኝ ጠበቃው፣ በእሷ ፈንታ።
ጣቴ ዚፑ ላይ ነበር። አነሳሁት። እኔው ባወጣሁት ሕግ...

ሐምሌ 25
አማቴ ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት ሚጢጢን ይዘው ይወጣሉ። "እግሬን ላፍታታ" ይላሉ። በክት ጫማ?

ሐምሌ 27
ከሥራ አስፈቅጄ ተከተልኳቸው። ነውር ነው፣ አውቃለሁ።
አዲሱ የገበያ ሕንፃ ገቡ። ሰዓት መሸጫው ጥግ ተደብቄ አየሁ። ያ የሚንቀሳቀሰው ደረጃ ሥር ቆመዋል። ሚጢጢ እጃቸውን ይዛ "አንድ፣ ሁለት... አሁን" ትላለች። እግራቸውን ያነሳሉ፣ ይመልሱታል። ስድስት ጊዜ ቆጠርኩ።
ዘበኛው መጣ። "እማማ፣ አሳንሰሩ ይሻልዎታል።"
"እዚህ አንተ አለህ። ልጄ አገር ማን አሳንሰር ያሳየኛል?"
በሰባተኛው ወጡ። ላይ ደርሰው ብቻቸውን ሳቁ።
ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። አምና እዚያው ደረጃ ላይ ቀሚሳቸው ተይዞ ወድቀው፣ ሰው ከቦ ሲያያቸው... "ምንም አልሆንኩም" ብለው ነበር። ለካ ቤት መጠበቁ ሰበብ ነው። ልጃቸው ፊት እንዳይወድቁ ፈርተው ነው።
እንዳላየ ሆኜ ሥራዬ ተመለስኩ። ጥቅል ስመዝን ሁለቴ ተሳሳትኩ።

ሐምሌ 30
አማቴ የሚጢጢን ሻንጣ እየጎተቱ መጡ።
"መዝኚው። የእኔ ነው።"
ዚፑን ራሳቸው ከፈቱት። ካፖርታቸው፣ ጫማቸው፣ መነጽራቸው፣ ለልጃቸው የሠሩለት ሹራብ... አሻንጉሊት የሚባል የለም። አሥራ አንድ ኪሎ ተኩል።
"አያቴ ደረጃውን የሞከረች ቀን አንድ ዕቃዋ ይገባል፣ የወጣች ቀን ሁለት" አለች ሚጢጢ። "ውል ነው።"
ውሉን ማን እንዳረቀቀው ገባኝ። ጠበቃው ጣራ ጣራ ያያል።
"ቤቱንስ ማን ይጠብቀው?" አልኳቸው ነካ ላድርጋቸው ብዬ።
"እግር የለውም አላልሽም?"
ባሌ ዓይኑን በሸሚዙ እጅጌ ጠረገ።
የሚጢጢ ልብስ እኔ ሻንጣ ውስጥ ገባ። የእኔ ሁለት ቀሚስ ወጣ። ይውጣ።
አሁን ለሽኝታችን ሰው መጥራት ነው። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው፣ የፖስታ ቤት ሰዎች፣ እህቶቼ፣ የሕንፃው ዘበኛ...
"ዘበኛውን ደግሞ ከየት አወቅሽው?" አሉኝ አማቴ።
ሚዛኑን አተኩሬ ማንበብ ያዝኩ።
እሁድ፣ ነሐሴ 2፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። የሚቀር የለም።