ለባዕድ የማልሰጠው ስም

እህት ዓለሜ ጋቶኒ፣ ሰላምታዬ ሞምባሳ ድረስ ይድረስሽ። እኛ ደኅና ነን። በቆሎው አፍርቷል። የባለቤቴ የምቡጓ እናት በየሳምንቱ ይመጣሉ፤ ያላገባች የጎረቤታቸውን ልጅም ያስከትላሉ። ልጅቷ ሙያ አላት።

ሐኪሙ «ማኅፀንሽ ከእንግዲህ አይሸከምም» ብሎ፣ በሕክምና ተፈጥረው ሆስፒታሉ በረዶ ውስጥ የቀሩትን ፅንሶቻችንን ልጅ ላጡ ሰዎች እንድንለግስ ጠየቀን። ምቡጓ ወዲያው ፈረመ። እኔ እምቢ አልኩ።

«በረዶ ታቅፈሽ ልትኖሪ ነው?» አለኝ።

«የመጀመሪያ ሴት ልጃችን በወጋችን የእናትህን ስም ትወርሳለች። ለባዕድ ልትሰጣት ነው?»

ሳቀ። «አይዞሽ፣ የእናቴን ስም የሚያስጠራ አላጣም።»

ልጅ ያጣችን ሴት ሕመም አውቀዋለሁ፤ ቢሆንም አልፈረምኩም። እኔ ያልወለድኳቸውን ማንም አይወልዳቸውም።

እዚያ ለመምህርት ሥራ ይገኝ ይሆን? እንዲያው ነው የጠየቅኩሽ።

በአካል እስክንተያይ አምላክ ይጠብቅሽ።

እህትሽ ሙጉሬ