ጨለማ ስክሪን አይተን እንድንፈርም ለሚጋብዙን ኃላፊ

ለተከበሩ አቶ መንግሥቴ
የ«አይተው ይፈርሙ» የመሬት ካርታ ማረጋገጫ ማዕከል ኃላፊ
ሰቆጣ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ቤተሰብዎ ደኅና እንዲሆን፣ የሰሞኑ ብርድ ጉልበትዎን እንዳይነካው፣ በተለይ ደግሞ የዓይንዎ ጤና እንዳይጓደል ከልቤ እመኛለሁ። ዓይንን ለይቼ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አለመሆኑን ደብዳቤዬን እስከ መጨረሻው ቢያነቡልኝ ይረዱታል። እኔ በዚህ ከተማ ፊዚክስ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ያስተማርኋቸው ልጆች ዛሬ በየቢሮው፣ በእርስዎም ማዕከል ጭምር ተቀምጠው ሕዝብ ያገለግላሉ። ስለዚህ የማቀርበው ቅሬታ በከፊል በራሴ ማስተማር ላይ የቀረበ ቅሬታ ሆኖ ቢመዘገብ አልቃወምም።

ጉዳዩን በመጀመሪያ ለማዕከሉ በቃል አቅርቤ ነበር፤ በጽሑፍ ያምጡ ተባልሁ። በጽሑፍ ሳመጣ ደግሞ ይህ እኮ በቃል የሚያልቅ ነገር ነው ተብዬ ተመለስሁ። በሁለቱ መካከል ስመላለስ ክረምቱ እየደረሰ ስለሆነ በአደባባይ መጻፌን በድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ።

ማዕከሉ ሲከፈት ካመሰገኑት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርሁ፤ ያንን ምስጋና ዛሬም አላነሣም። በመስኮቱ ላይ ሁለት ስክሪኖች ተቀምጠው ነበር፤ አንዱ ወደ ውስጥ ለሠራተኛዋ፣ አንዱ ወደ ውጭ ለባለ መሬቱ የዞሩ። ሠራተኛዋ የማሳውን ካርታ ትከፍታለች፣ ገበሬው በእርሱ በኩል ባለው ስክሪን ያየዋል፣ ልክ ነው ወይም ልክ አይደለም ይላል፣ ከዚያም «ካርታዬን በስክሪን አይቼ አረጋግጫለሁ» በሚለው ዓረፍተ ነገር ሥር ይፈርማል። ከደሃናና ከፃግብጂ በእግር የሚመጡት ብዙዎቹ በቤታቸው የሚነጋገሩት በኽምጣና ነው፤ የድንበር ልክ በአማርኛ ሲነበብላቸው ግራ ይጋባሉ። ካርታን ግን ማንም በቋንቋው ያየዋል። «ይቺ ጎበጥ ያለችው የኔ ናት» እያሉ በጣታቸው ሲያሳዩ ቆሜ አይቻለሁ።

ከዚያ በኋላ የቪዲዮ ካርድ ተገዛ።

አንደኛው ቅሬታዬ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ካርታው ቀስ እያለ ስለሚከፈት በኮምፒውተሩ ውስጥ ምስል የሚያፈጥን ተጨማሪ የቪዲዮ ካርድ ተተከለ፤ የውስጡም ስክሪን ከካርዱ ጋር ተገናኝቶ ፈጠነ። የውጩ ስክሪን ገመድ ግን በቀድሞው ቦታ፣ በኮምፒውተሩ በራሱ ማዘርቦርድ ላይ ባለው መሰኪያ ቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጨልሟል። ነገሩ ለአንዳንዶች ምሥጢር ስለሆነ፣ እንደ ልማዴ በቀላሉ ላስረዳ። ኮምፒውተሩ ገና ሲሠራ ጀምሮ ምስል የሚያወጣ የራሱ ክፍል አለው። ካርድ ሲገባበት፣ ጨዋ የቤት ባለቤት እንግዳ ሲመጣበት ወንበሩን ለቆ እንደሚነሣው ሁሉ፣ ይህ ነባር ክፍል ሥራውን ለካርዱ ይለቅና ዝም ይላል። አልተቃጠለም፤ አልተበላሸም። «አንተም ተቀመጥ» የሚለው ሰው ነው ያጣው። ይህም የሚባለው ኮምፒውተሩ ሲነሣ ወደ መነሻ ማስተካከያው ገብቶ፣ ነባሩ ክፍል ካርድ ቢኖርም እንዲሠራ የሚፈቅደውን መስመር ከፍቶ፣ መዝግቦ፣ እንደገና በማስነሣት ነው። ከዚያ ወዲያ ዊንዶውስ ሁለቱንም ስክሪኖች ያገኛቸዋል፤ ሠራተኛዋም ካርታውን ብቻ ወደ ውጩ ስክሪን ጎትታ፣ ሌላውን ሥራዋን በውስጡ ታስቀራለች። ይህን የማይፈቅዱ ኮምፒውተሮች እንዳሉ አውቃለሁ። የእናንተው ይፈቅዳል፤ አብሮት የመጣውን መጽሐፍ ከመሳቢያ አስወጥቼ አንብቤዋለሁ።

ይህንኑ ለማዕከሉ የኮምፒውተር ባለሙያ ለካሤ ነገርሁት። ካሤ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዬ ነበር፤ ጨዋ ልጅ ነው። «ቲቸር፣ ሁለቱ አብረው ከሠሩማ ይጣላሉ» አለኝ። በእኔ ቤት ልጄ በተወችልኝ ኮምፒውተር ላይ ካርዱና ነባሩ ክፍል በሰላም እንደሚኖሩ፣ በአንዱ ስክሪን የምሰበስባቸውን የኽምጣና ቃላት፣ በሌላው የአማርኛ ፍቺያቸውን ከፍቼ እንደምሠራ ገለጽሁለት። እርሱ ግን «ያ እኮ የጡረተኛ ነው ቲቸር፤ ይሄ የመንግሥት ነው» አለ። ኤሌክትሪክ የደመወዝ መዝገብ እየተመለከተ እንደሚሄድ በዚህ ዕድሜዬ ስላስተማሩኝ ማዕከሉን አመሰግናለሁ።

ካሤ በኋላ እውነቱን አልደበቀኝም፤ ማስተካከያው የተቆለፈው ካርዱን የተከለው ሰው ባደረገበት ፓስወርድ ነው። ደውሉለታ ብል፣ ካርዱ የተገዛበት ጨረታ ስለተዘጋ ከሰውየው ጋር የሚያገናኘን ጉዳይ የለም ተባልሁ። የውጩን ስክሪን ከካርዱ ጋር እናገናኘው እንዳይባል ገመዱ ሰማያዊ ጫፍ ያለው አሮጌ ዓይነት ነው፤ ካርዱ ደግሞ ለእርሱ የሚሆን መሰኪያ የለውም። በመካከላቸው የሚገባ ትንሽ መቀየሪያ ከቤቴ ይዤ መጣሁ። ዘበኛው የግል ዕቃ ከመንግሥት ዕቃ ጋር እንዳይነካካ ትእዛዝ አለ ብሎ ተቀበለኝና ስወጣ በአክብሮት መለሰልኝ። የማዕከሉ ንብረት እንዲህ በጥንቃቄ የሚጠበቅ መሆኑ ያስደስታል።

ሁለተኛ፤ ስክሪኑ ቢጨልምም ፊርማው አልቆመም። ሠርካለም የምትባለው የመስኮቱ ሠራተኛ፣ እርሷም የእኔው ተማሪ ናት፣ እንደ ታዘዘችው ለእያንዳንዱ ሰው «ስክሪኑን ይመልከቱና ይፈርሙ» ትላለች። አቶ ጓንጉል የሚባሉ የፃግብጂ አዛውንት ተራቸው ሲደርስ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ጎንበስ ብለው፣ ጥቁሩን መስታወት አተኩረው አዩት። «አንድ ሽማግሌ ይታየኛል» አሉ። «መሬቱ የታል?» በአግዳሚው ላይ የነበርነው ሁሉ ሳቅን፤ ሠርካለምም አፏን ሸፍና ሳቀች። ከዚያም አቶ ጓንጉል ፈረሙ። መንገዱ ሩቅ ስለሆነና ሳይመሽ ቤታቸው መግባት ስላለባቸው፣ ያላዩትን አይቻለሁ ብለው ፈረሙ። ሳቃችን ያን ጊዜ ቆመ።

በማግሥቱ ስመጣ ስክሪኑ አቧራ እንዳይጠጣ ዳንቴል ለብሶ አገኘሁት። ዳንቴሉ በጣም ያምራል፤ የማን እጅ ሥራ እንደሆነ ባውቅ አመሰግናት ነበር። «ከመፈረምዎ በፊት ስክሪኑን ይመልከቱ» የሚለው ማስታወቂያ ግን ከዳንቴሉ በላይ እስከ ዛሬ እንደ ተለጠፈ ነው።

ሦስተኛውን ቅሬታ ከሁሉ አስቀድሜ ልጽፈው ይገባኝ ነበር፤ ብዕሬን ያስነሣኝ እርሱ ነውና። ወይዘሮ እታገኝ የደሃና ገበሬ ናቸው። ባላቸው ሞተዋል፤ አንድ ልጃቸው ሥራ ፍለጋ ዐረብ አገር ነው። የገብስ ማሳቸው ከታች በኩል በአንድ ወይራ ያበቃል፤ ከወይራው ሥር በበጋ የማይደርቅ ምንጭ አለ፤ ከብቶቻቸው የሚጠጡት እርሱን ነው። ከወይራው ወዲያ ያለው መሬት የጎረቤታቸው ነው። ጎረቤትየው ቀደም ብለው መጥተው በዳንቴሉ ፊት ፈርመው ሄደዋል፤ ምን እንደ ፈረሙ እርሳቸውም አያውቁም።

ወይዘሮ እታገኝ መስኮቱ ላይ ቀርበው በኽምጣና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ አስተርጓሚው እኔ ነበርሁ። ወይራው ከመስመሩ ውስጥ ነው ወይስ ከውጭ? ሠርካለም የድንበሩን ቁጥሮች እስከ መጨረሻው አነበበችላቸው፤ ከዚያ የራሷን ስክሪን ጠጋ ብላ አየችና «መስመሩ ላይ ነው መሰለኝ እማማ» አለች። ወይዘሮ እታገኝ ይህን ስተረጉምላቸው ፈገግ አሉ። «ዛፍ መስመር ላይ አይቆምም በያት። ወይ የኔ ነው ወይ የሱ ነው። ዞር ታድርገውና እኔ ልየው።»

ያን ጊዜ ከቢሮዎ በር ላይ ቆመው የሰጡትን መልስ ያስታውሱታል ብዬ አምናለሁ። የውስጡ ስክሪን የሠራተኛ መሆኑን፣ ለባለጉዳይ የማይዞር መሆኑን፣ ባለጉዳይም ከመስኮቱ ወዲያ ማለፍ የማይችል መሆኑን በማያሻማ ቋንቋ ነገሩን። ወይዘሮ እታገኝም ሳላይ አልፈርምም አሉ። እዚህ ላይ ኮምፒውተሩ ለማይፈርም ሰው ከሦስት ነገር አንዱ እንዲመረጥ ይጠይቃል፤ አልቀረበም፣ ተቃውሟል፣ ለማየት ፈቃደኛ አይደለም። መቅረቡንማ ቀርበዋል። ለመቃወም ያዩት ነገር መኖር አለበት፤ አላዩም። ሠርካለም አንዴ እኔን፣ አንዴ እርሳቸውን እያየች «ምን ላድርግ ቲቸር፣ ሌላ አይሰጠኝም እኮ» አለችና ሦስተኛውን መረጠች። ለማየት ብለው ከደሃና በእግራቸው የመጡ ሴት በማዕከልዎ መዝገብ ለማየት ፈቃደኛ ያልሆኑ ተብለው ተመዝግበዋል።

ይህ ነገር ክረምቱ እስኪወጣ ቢቆይ ግድ አልነበረኝም። ግን የመቃወሚያው ጊዜ በሰኔ መጨረሻ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ ወይራውን ወዴትም ያድርገው እንደዚያው ይጸናል፤ ምንጩም ከወይራው ጋር ይሄዳል። ወይዘሮ እታገኝ ሳያዩ ቢፈርሙ ምንጩን አሳልፈው ሰጥተው ሊሆን ይችላል፤ ባይፈርሙ ማሳቸው ያልተረጋገጠ ተብሎ ይቀራል። በበጋ ከብት ወደ ወንዝ የሚያወርድላቸው ሰው የለም። ይህን ሁሉ የሚፈታው አንድ የስልክ ጥሪ ነው፤ እርሱ ከከበደ ደግሞ አንድን ስክሪን በእግሩ ላይ ማዞር ነው፤ እርሱ እንኳ እንዳይከብድ ከሥሩ የሚሽከረከር ሆኖ ተሠርቷል።

አራተኛ፤ ኮምፒውተሩ ሁለት ስክሪን መሸከም ስላልቻለ በአዲስ እንዲለወጥ ለበላይ አካል መጻፍዎን ሰምቻለሁ። መልስ መስጠት በማይችል ዕቃ ላይ እንዲህ ያለ ስም ማጥፋት አይገባም ብዬ ይህን ብቻ እላለሁ፤ ሁለቱን ሲሸከም ሁላችንም አይተነዋል። አዲሱም ሲመጣ ካርድ ይገባበታል፤ ነባሩ ክፍልም እንደ ልማዱ ተነሥቶ ዝም ይላል።

ስለዚህ በትሕትና የምለምነው ይህ ነው። ፓስወርዱን ያስጠይቁልን። እስኪገኝ ድረስ የውስጡ ስክሪን ለባለ መሬቱ ይዙር። በወይዘሮ እታገኝ ስም የተጻፈውም ይነሣ። ማስተካከያውን ለመክፈት የሚደፍር ሰው ከጠፋ እኔ በነጻ እመጣለሁ፤ ካሤ አጠገቤ ቆሞ ይይ፤ ከተጣሉም አስታርቃቸዋለሁ።

ለትዕግሥትዎ፣ ለጨዋነትዎ፣ ከሁሉም በላይ «አይተው ይፈርሙ» የሚለውን የማዕከሉን ስም ስክሪኑ ከጨለመ በኋላም ሳያፍሩበት ጠብቀው ስላቆዩልን ያለኝን ምስጋና እየገለጽሁ፣ በማዕከልዎ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ መጠበቅን እንደ ሁለተኛ ሥራ የያዝሁ፣ የምታዘዝዎ፣

ይግዛው ሀይሉ
ጡረተኛ የፊዚክስ መምህር
ሰቆጣ

ይድረስልኝ ያልሁት ተጨማሪ፦ ደብዳቤውን ጨርሼ ሳለሁ የሆነውን ሳልጽፍ ባልፍ ለእርስዎ ያለኝ አድናቆት ጎደሎ ይሆናል። ረቡዕ ጠዋት ወይዘሮ እታገኝ የተለወጠ ነገር እንዳለ ሊጠይቁ ተመልሰው መጥተው አብረን አግዳሚው ላይ ነበርን። እርስዎ የራስዎን ይዞታ ሊያረጋግጡ ከቢሮዎ ወጡ። ሠርካለም ከልማድ የተነሣ «ስክሪኑን ይመልከቱና» ብላ ጀመረች፤ እርስዎ ግን ዳንቴሉን ዞር ብለው እንኳ ሳያዩ ከመስኮቱ ወዲያ አልፈው በወንበሯ ተቀመጡ፤ መነጽርዎን አደረጉ፤ መስመሩን በጣትዎ እየተከተሉ አዩ፤ አንዱንም ማዕዘን አሳረሙ። ከዚያ ወደ ፊት ተመልሰው «በስክሪን አይቼ አረጋግጫለሁ» በሚለው ሥር ፈረሙ። ካርዱ ከተገዛ ወዲህ ያችን ዓረፍተ ነገር በእውነት ሲፈርም ያየሁት ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት፤ የዓይንዎም ጤና ደኅና መሆኑን አይቼ ተደስቻለሁ። ወይዘሮ እታገኝ ሰውየው እዚያ ምን ያደርጋሉ ብለው ጠየቁኝ፤ መሬታቸውን እያዩ ነው አልኋቸው። «እንግዲያው መንገዱ በዚያ በኩል ነዋ» አሉ። በሚቀጥለው የገበያ ቀን በዚያው በኩል ይመጣሉ። ወንበሩ በእርስዎ ቁመት የተስተካከለ ስለሆነ፣ እርሳቸው አጠር ያሉ ናቸውና ዝቅ አድርገው ቢጠብቋቸው።