የጋሽ በራሶ ፔጆ የኋላ ወንበር

ማክሰኞ

ጋሽ በራሶ ዛሬም አልሸጥም አሉ።

ዳዊት ከአዲስ አበባ ድረስ የመጣው ለዚህችው መኪና ነው። የእህቴ ልጅ ነው፤ አሮጌ መኪና እየገዛ ያድስና ለሠርግ ያከራያል። ዲላ አጠገብ ወናጎ አንድ የድሮ ፔጆ ቆማለች ብዬ በስልክ ያወራሁለት እኔ ነኝ። ለጋዜጣ ስጽፍ ሳላጣራ አንድ መስመር አይወጣኝም፤ ለዘመድ ሲሆን ግን አፌ ይቀድማል።

መኪናዋ ጋሽ በራሶ ግቢ፣ እንሰቱ ሥር ናት። ጎማዎቿ ተንፍሰው መሬት ነክሰዋል። ኮፈኗ ላይ የድንጋይ ሽበት በቅሏል። ጣራዋ በቀኝ በኩል ያፈሳል፤ የግራው የኋላ መስኮት መስታወት በሩ ውስጥ ወድቆ ቀርቷል። የኋላ ወንበሩ ላይ ግን የታጠበ አንሶላ ተነጥፏል። ዳዊት አላየውም። እኔ አየሁት።

"ጋሼ፣ እዚህ እኮ እየበሰበሰች ነው" አላቸው ዳዊት።

"እኔም እየበሰበስኩ ነው፤ ልትገዛኝ መጣህ?"

እኔ ሳቅሁ። ዳዊት አልሳቀም።

በሩን የከፈተችልን ልጃቸው አስቴር ናት። ወርቃ ከተማ አግብታ እንደምትኖር ነበር የማውቀው። ዓይኗ ቀልቷል።

ረቡዕ

ዳዊት ዘዴ ቀየረ። መግዛቱ ቢቀር እንኳ መስኮቱን በነጻ ልጠግንልዎት ብሎ መፍቻና ካቻቢቴ ይዞ ሄደ። በሩን ፈትቶ መስታወቱን ማንሳት ብቻ ነው፤ ቀላል ሥራ።

ጋሽ በራሶ ከዘራቸውን በሩ ላይ አጋደሙ።

"መስኮቱን አትንካ።"

"በነጻ ነው እኮ!"

"በነጻም አትንካ። ጣራውንም አትንካ።"

አልሸጥም የሚል ሰው ይገባኛል። ዝናብ ሲገባባት እያየ አትጠግኑብኝ የሚል ሰው ግን ገጥሞኝ አያውቅም። ወደ ዲላ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ዳዊት፣ "አክስቴ፣ ሰውየው መኪናዋን ይጠላታል" አለኝ። አንሶላውን አሰብኩ። የሚጠላ ሰው አንሶላ አያጥብላትም።

ሐሙስ

ብቻዬን ወናጎ ሄድኩ። ከጋሽ በራሶ በር ፊት ለፊት ሱቅ ያላት ወይዘሮ ብርቱካን ዘንድ ተቀመጥኩ። ሰውየው ለምን አይሸጡም? ብላት ሳቀችብኝ።

"ፍርድ ቤት ይሸጣል እንዴ?"

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሽ በራሶ በደህናው ዘመን የወናጎንና የኮንጋን ሙሽሮች ያጓጓዙት በዚህች ፔጆ ነው። ሞተሯ ካረፈ በኋላ አንድ ባልና ሚስት ተጣልተው ሶንጎ ቀረቡ፤ ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ለዳኝነት የሚቀመጡበት ነው። ነገሩ ቢታይ ቢታይ አልበርድ አለ። አንዱ ሽማግሌ ሰለቻቸውና፣ "በሉ ሂዱ፣ በተዳራችሁበት መኪና ላይ ተቀመጡና ተነጋገሩ!" አሏቸው። ተቀመጡ፤ ታረቁ። ከዚያ ወዲህ በዚያች መኪና የተዳሩ ባልና ሚስት ፍቺ ከማለታቸው በፊት ሁለቱም የኋላ ወንበሯ ላይ ይቀመጣሉ። ሽማግሌዎቹ በረንዳ ላይ ሆነው ይጠብቃሉ፤ ጠጋ ብሎ ማዳመጥ ነውር ነው።

"እኔና ባሌ ሁለቴ ገብተናል" አለች ብርቱካን፣ እንደ ማዕረግ።

"ሁሉም ይታረቃል?"

"ኧረ የት! አንዷ ከመኪናው ወርዳ በዚያው ሐዋሳ ገባች፤ እስካሁን አልተመለሰችም።"

ቀጥሎ ድምጿን ዝቅ አደረገች። እሑድ የአስቴር ተራ ነው። ባሏ ታምሩ ሳያማክራት የጓሮ እንሰቷን ነቅሎ ባሕር ዛፍ ተከለበት። የአንዲት ሴት እንሰት ጎተራዋ ነው። ልጅቷ ጨርቋን ጠቅልላ አባቷ ቤት ገባች።

እኛ ደግሞ በዚህ ሳምንት ሄደን መኪናዋን ሽጡልን እንላለን።

ዓርብ

ለዳዊት ነገርኩት። መጀመሪያ ከት ብሎ ሳቀ። ሻይውን ጨርሶ፣ "እኔ መኪና የማከራያቸው ሙሽሮች ከአዳራሹ በር በኋላ የት እንደሚደርሱ አላውቅም" አለ። ነገ ሄዶ ይቅርታ ሊጠይቅ ነው።

"ግን መስኮቱን ቢያስጠግኑ ምን ነበረበት?" ይላል አሁንም። እኔም አልገባኝም።

ቅዳሜ

ዳዊት ይቅርታ ጠየቀ። ጋሽ በራሶ አንሶላውን በራሳቸው እጅ እያጠቡ ነበር፤ በአገጫቸው ጠቁመው እንዲቀመጥ ነገሩት። አስቴር ጀርባዋን ሰጥታን በረንዳው ላይ ተቀምጣለች።

"አልገባም" አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

"በግድ አላስገባሽም። በሠርግሽ ቀንም በግድ አላስገባሁሽም" አሏት።

አንሶላውን ጨምቀው ገመድ ላይ ሰቀሉት። እኚህ ሰው የሰፈሩን ትዳር ሁሉ ለዚያች ወንበር ሲሰጡ ኖረዋል። የራሳቸው ልጅ ባትገባ ነገ የሌላውን ልጅ ግቢ ለማለት አፍ አይኖራቸውም። ያም ሆኖ አላስገደዷትም።

እሑድ

ታምሩ ከወርቃ በሞተር ብስክሌት መጣ፤ ኮቱ ጭቃ በጭቃ ነው። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። አስቴር ብዙ ቆማ ገባች፣ በቀኝ በር። እሱ በግራ። ሁለቱም በየበራቸው ተለጠፉ፤ መሐላቸው ሌላ ሰው ያስቀምጣል።

ዳዊት ወደ ሰማይ አየ። እኔም አየሁ። ጋሽ በራሶ አላዩም፤ የወናጎን ሰማይ እንደ እጃቸው ያውቁታል።

ዝናቡ መጣ። ባዶው መስኮት መጀመሪያ ታምሩን መታው። አንገቱን ቀበረ፣ ታገሠ፣ ኋላ ወደ መሐል ፈቀቅ አለ። ከጣራው ደግሞ አስቴር ትከሻ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። ነጠላዋን ሳበች፤ አልበቃትም። እሷም ፈቀቅ አለች። በዚያች መኪና ውስጥ ዝናብ የማይደርስበት መሐሉ ብቻ ነው።

ዳዊት አፉን በእጁ ያዘ።

"ጠግን ብዬህ ቢሆን ኖሮስ?" አሉት ጋሽ በራሶ፣ ቀስ ብለው።

ብዙ ቆይቶ የአስቴር ድምፅ ከፍ ብሎ ተሰማ፦ "ባሕር ዛፉንስ?" የእሱ መልስ አልተሰማም። እሷ ግን አልወረደችም።

የመጨረሻው ሚኒባስ እንዳያመልጠን መጨረሻውን ሳናይ ተነሣን። ጋሽ በራሶ ደህና ግቡ አሉን፣ ዓይናቸውን ከመኪናዋ ሳይነቅሉ። ታረቁ ብዬ አልጽፍም፤ አላየሁም። ያየሁት ይህን ነው፦ ስንወጣ ዝናቡ ካባራ ቆይቶ ነበር፤ ከሁለቱ አንዳቸውም ወደ በራቸው አልተመለሱም።