የዮናስ ፎርም እና የመሠረት ካርድ

ግንቦት 4፣ ሰኞ፣ ከምሳ በኋላ

የሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ነኝ። ቆርቆሮው ግሏል። ከጠዋት ጀምሮ ካርድ ማውጣት፣ ካርድ መመለስ። ኛኮንግ በመስኮቱ ስም ትቀበላለች፣ እኔ መደርደሪያው ላይ ነኝ። አሁን ሰው ቀነስ አለ። ጥቂት ልጻፍብህ ደብተሬ። እጄ ቀርፋፋ መሆኑን ታውቃለህ።

ልጄ ዮናስ ከመጣ ሦስተኛ ቀኑ። የሕክምና ትምህርቱን ሊጨርስ ጥቂት ወራት ቀርተውታል። የመጣው ለሬዚደንሲ ሊያመለክት ነው። ስፔሻሊስት የሚሆኑት ከወዲሁ ይመዘገባሉ፣ ክልሉ ስፖንሰር ሆኖ ይልካቸዋል። አልጋው ላይ ወረቀት ዘርግቷል፣ መተኛ የለውም።

ዋናዎቹ ማስረጃዎች የት ናቸው አለኝ። ከሣጥን አወጣሁለት። ታላቅ እህቱ መሠረት ከሞተች ስምንት ወር ሆነ። ከዚያ ወዲህ ቤት ያለውን ወረቀት ሁሉ በፕላስቲክ ላሚኔት አስደርጌአለሁ። የእሷን ዲፕሎማ፣ የእሱን የ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬትና ትራንስክሪፕት፣ የሁለቱንም የክትባት ካርድ። እዚህ አገር ምስጡም እርጥበቱም ወረቀት አይምርም። ዮናስ አገላብጦ አየና ዶሴው ውስጥ ከተተው። ደስ ያለው መስሎኛል።

ግንቦት 5፣ ማክሰኞ፣ 11 ሰዓት

ፈቃድ ወስጄ አብሬው ጤና ቢሮ ሄድኩ። ማህተም የሚመታው ኦጁሉ ነው፣ የመሠረት የክፍል ጓደኛ የነበረ። ዶሴውን ከፈተና ፕላስቲኩን በጥፍሩ ኳ ኳ አደረገው።

«እማማ፣ ይሄ ሰርተፊኬት ነው የሆቴል ሜኑ?»

የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ። ከኋላ አንዱ ጥብስ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ።

ለካ ማህተሙ የሚያርፈው ከዋናው ጀርባ ላይ ነው። ፕላስቲክ ቀለም አይዝም። ኦጁሉ ሞክሮልንም ነበር። በጣቱ ሲነካው ተጠርጎ ወጣ። አላቅቁትና አምጡ አለ። ምዝገባው የነገ ሳምንት ረቡዕ ይዘጋል።

እስከ ቤት ያወራው ባጃጅ ነጂው ብቻ ነው።

ግንቦት 6፣ ረቡዕ፣ ከሥራ መልስ

ካውያ፣ ምላጭ፣ እርጥብ ፎጣ። ሰርተፊኬቱ በደህና ወጣ። ትራንስክሪፕቱ ተቀደደ፣ ፎቶው ባለበት በኩል። የቀደድኩት እኔ ነኝ። ቸኮልኩ።

እስኪቆጣ ጠበቅሁ። እሱ ግማሹን ፎቶ አንስቶ ጉንጩ ላይ ለጠፈና ግማሽ ዶክተር ይቀበሉ ይሆን አለ። ሳቅሁ። እሱም ሳቀ። ይህ ቤት ሳቅ ረስቶ ነበር።

ነገ ት/ቤቱ ሄዶ ምትክ ያጽፋል።

ግንቦት 8፣ ዓርብ፣ ማታ 1 ሰዓት

ት/ቤቱ ጻፈለት። ኦጁሉም ማህተሙን መታ። አንድ ነገር ቀረ፣ የዋስ ፎርም። ክልሉ የሚልከው ተመልሶ ሊያገለግል ስለሆነ ቋሚ የመንግሥት ሠራተኛ ዋስ ይፈልጋል። እኔ ማለት ነው።

እስክሪብቶ ሰጠኝ። ሳነብ ቆየሁ። የሚማረው የትምህርት ዓይነት፦ ማህፀንና ጽንስ።

እስክሪብቶውን መለስኩለት።

የቆዳ ሐኪም ሁን አልኩት። ቆዳው የታመመ ሰው አይሞትም። ካልሆነ ዓይን። ክልሉ አሁን የሚልከው ለቆዳ አይደለም፣ ቢልከኝም አልፈልግም አለኝ። ተመልሶ የሚሠራው እህቱ በሞተችበት ክፍል ነው። በዚያ በር ሊገባ፣ በዚያ በር ሊወጣ። እኔ ከካርድ ክፍሉ መስኮት በየቀኑ አየዋለሁ። ከቤታችን አንድ ሰው ይበቃል።

ካልፈረምሽ ሌላ ዋስ እፈልጋለሁ አለ። ይፈልግ።

ግንቦት 10፣ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ

ሌላ ዋስ አልፈለገም። ፎርሙ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ የጨው ዕቃ ተጭኖበት።

ላንተም ያልጻፍኩትን ልጻፍ። መሠረት ከማታር ከተማ ወዲህ ወንዝ ዳር ባለች ቀበሌ አስተማሪ ነበረች። ምጧ የጀመራት ማታ ነው። ደወለችልኝ። ወንዙ ሞልቷል፣ በጨለማ ጀልባ እንዳትሳፈሪ፣ እስኪነጋ ጠብቂ አልኳት። ሰማችኝ። ሁልጊዜ ትሰማኝ ነበር። ሲነጋ ተሳፈረች። እዚህ የደረሰችው ከሰዓት ነው፣ ደም እየፈሰሳት። እሷም ልጁም አልተረፉም።

ይኸው ነው። ጠብቂ ማለቴን ሌላ ሰው አያውቅም።

ሌላም አለ። በእኛ ደንብ የሟች ካርድ ከመደርደሪያው ወጥቶ ኋላ ክፍል ወዳለው የሟቾች መደርደሪያ ይዛወራል። ስንቱን በእጄ አዛውሬአለሁ። የመሠረት ካርድ ግን እስካሁን ከሕያዋኑ ጋር ነው። ኛኮንግ ታውቃለች። አቧራውን ጠርጋ እዚያው ትመልሰዋለች። አንድም ቀን አልተናገረችኝም።

ግንቦት 11፣ ሰኞ፣ 12 ሰዓት

ልንዘጋ ስንል ዮናስ መጣ። ኛኮንግ ቀለደችበት። «ዶክተር፣ እዚህ ወረፋ አለ። ቁጥር አለህ?» አለችው። የእህቴን ካርድ ነው ሲል ቀልዷን ትታ ወጣች።

ቁጥሩን ሳላይ እጄ ሄደ። ውስጡን አንብቤው አላውቅም። የሐኪም ጽሑፍ አልችልም፣ እንግሊዝኛም አልችልም። ዮናስ ቆሞ አነበበ። ሁለት ገጽ ነው፣ ግን ብዙ ቆየ። ምጡ የጀመረበትንና እዚህ የደረሰችበትን ሰዓት በጣቱ ቆጠረ። ለምን አደረች አለ።

ነገርኩት።

ወለሉ ላይ ቁጭ አለ፣ ጀርባውን ለመደርደሪያው ሰጥቶ። እኔ እንደቆምኩ ቀረሁ። እንዲህ ይለኛል ብዬ ያሰብኩትን ሁሉ አላለም። እኔም ብሆን ጠብቂ እላት ነበር አለ፣ በዚያ ጨለማ የት ትሂድ? ካርዱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ደግሞ፣

«የምትደውልለት ሐኪም አልነበራትም እማዬ። እናት ነው የነበራት» አለ።

በንዴት አልነበረም።

ካርዱን የት ልመልሰው አለኝ። ተወው፣ የእኔ ሥራ ነው አልኩት።

ግንቦት 12፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 4 ሰዓት

ፈረምኩ። ኦጁሉ ጠረጴዛ ላይ፣ ስሜን ከነአያቴ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ። ኦጁሉ አላቻኮለኝም። ማህተሙን መታና ቀለሙ እስኪደርቅ በሌላ ወረቀት አራገበው። «እማማ፣ አደራ፣ ይሄኛውን ፕላስቲክ እንዳያለብሱት» አለኝ። ዮናስ ፎርሙን ከእጄ ቶሎ ወሰደ፣ አላመነኝም።

ካርድ ክፍል ተመልሻለሁ፣ የመሠረት ካርድ አሁን ካንተ ከደብተሬ ጎን ነው። ይህንንም ላሚኔት ላስደርገው ብዙ ጊዜ አስቤ ነበር። ተውኩት። ዮናስ ሐኪም ሆኖ ሲመለስ ደግሞ ሊያነበው ይችላል፣ የሚጽፍበትም ነገር ይኖረው ይሆናል። የኋላውን ክፍል ቁልፍ ኛኮንግ ሳልጠይቃት አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችልኝ።

ሄጄ መጣሁ። ከሟቾቹ ጋር አስገባሁት። በዚህኛው፣ በሕያዋኑ መደርደሪያ ላይ አንድ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ቀረ።

ኛኮንግ እየጠራችኝ ነው። መስኮቱ ጋ ነፍሰ ጡር ቆማለች፣ ከኢታንግ በኩል የመጣች፣ ካርድ የላትም። አዲስ ላውጣላት። ስሟን ልጠይቅ።