ማንኩሳ ላይ የተከልኩት ዋርካ

ኅዳር 4፣ ማንኩሳ፣ ረፋድ

ደብተሬ ሆይ፣ ተነሥተህ ቁም። የዜና ዕረፍት ነው።

የማንኩሳው ወፍጮ ትልቁ ኩሽኔታ፣ ዘንጉን ተሸክሞ የሚያዞረው ብረት፣ ባደረበት ጽኑ ሕመም ሲያቃስት ሰንብቶ፣ ዛሬ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ዳጉሳ በመፍጨት ላይ እንዳለ ዐርፏል። ዕድሜውን ሙሉ ዱቄት ለብሶ፣ ግራሶ ጠጥቶ የኖረ ታታሪ ነበር። ለቅሶው እዚያው ወፍጮ ቤት ነው። አልቃሾቹ ጆንያ ይዘው የተሰለፉ ሴቶች ናቸው፤ ከእንባው ስድቡ ይበዛል፤ ስድቡም ወደ እኛ ነው።

አለቃዬ ጋሼ ይስማው (ከዚህ በኋላ ጋ/ይ፤ እስክሪብቶ ልቆጥብ) አዲሱ ኩሽኔታ ከባሕር ዳር እስኪመጣ ቁጭ ነው አሉ። ፊታቸው የተቃጠለ ሞተር። እኔ በሆዴ እልል። ወፍጮ ጥገና የሚባለው ለጋ/ይ ነው እንጂ እኔ የመጣሁት ለመብላትና ለማየት ነው። ፍኖተ ሰላም አዲስ ማር በትኩስ ዳቦ በልቻለሁ። ላህ ወንዝ ዳር ሸንኮራ ግጬ ጥርሴ ሊወልቅ ነበር። ነገ የበርበሬ ማሳ ጉብኝት።

ኅዳር 5፣ ማንኩሳ፣ ከሰዓት

ሆዴ ከበሮ ሆኗል። እንዴት እንደሞላ ላንተ ብቻ።

ከከተማው ወጣ ብዬ በእግሬ። በርበሬው መሬት ላይ ተሰጥቶ አገሩ ቀልቷል። ፎቶ አነሳሁ፣ አስነጠሰኝ። ከዚያ ዳስ አየሁ። ዳስ ካለ ወጥ አለ። ገባሁ። ማን ነህ ያለኝ የለም፤ ከፍ በል፣ ተጠጋ፣ ብላ ብቻ። የዳጉሳ እንጀራ፣ የበግ ወጥ፣ ጠላ። አጠገቤ ካሉ ሽማግሌ ወሬውን ለቃቀምኩ፦ የሰባት ዓመት ተዝካር ነው። ሟቹ አበጀ ይባላል። መተማ ለሰሊጥ ሥራ ወርዶ ወባ ይዞት እዚያው ቀረ። ከአገሩ ሰው አጠገቡ ማንም አልነበረም። የመጣው ወሬው ብቻ ነው።

እዚህ አገር ከሩቅ የመጣ እንግዳ ስለ ሟቹ አንድ ቃል ሳይል ከተዝካር አይነሣም ለካ። ሽማግሌው ከየት ነህ ልጄ፣ በምን ታውቀዋለህ አሉኝ። ዳሱ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አፌ ሙሉ ነበር። ዋጥኩና፣ ምን እንደገፋኝ እንጃ፣ መተማ አብረን ነበርን አልኩ። ያኔ እኮ ባሕር ዳር ስምንተኛ ክፍልን ለሁለተኛ ጊዜ እየወደቅኩ ነበር።

እናቱ እማማ ይርገዱ ከጓዳ ወጡ። ደቃቃ ናቸው። ማን ቀበረው አሉኝ። እኔ አልኩ። የት አሉኝ። እዚህ ላይ ላሳምርላቸው ብዬ ነው፤ እውነቴን ነው፤ ወንዝ ዳር፣ ትልቅ ዋርካ ሥር፣ ጥላው ቀዝቃዛ፣ ወፍ የማይጠፋበት አልኩ። እሳቸው ጎንበስ አሉና እጄን ሳሙት። ቀኙን፣ ከዚያ ግራውን።

ወጡ አሥር ከአሥር።

ኅዳር 7፣ ማንኩሳ

ኩሽኔታው መጣ። ገጠምን። ቺንጋው (የሞተሩ ቀበቶ) ዞረ፣ ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ሴቶቹ ወሬ ጀመሩ፤ ወፍጮው ስለሚጮህ እየጮሁ ነው የሚያወሩት፣ ስለዚህ ሁሉንም ሰማሁ።

እማማ ይርገዱ መተማ ሊወርዱ ነው። የልጃቸውን አፅም ሊያመጡ። ሚካኤልን አንግሠው በማግሥቱ ይነሣሉ። ሰባት ዓመት ሙሉ ልጄ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው፣ ተፈትቶለታል እያሉ ይጽናኑ ነበር። አሁን አንድ መንገደኛ መጥቶ ዛፍ ሥር ነው አላቸው። ያለ ካህን፣ ያለ ፍትሐት፣ ሜዳ ላይ። ከዚያ ቀን ወዲህ እህል በአፋቸው አልዞረም።

ያ መንገደኛ ግራሶ የነካ እጁን ጀርባው ላይ ደበቀ። ሁለቱንም።

ጥላ ያለው መቃብር ጥሩ ነገር ይመስለኝ ነበር። ፊልም ላይ እንደዚያ ነው።

ኅዳር 8፣ ቡሬ

ሌላ ወፍጮ። እዚህ ድንጋዩ ዶልዱሟል፣ እንወቅረዋለን። ጠዋት በጋ/ይ ባርኔጣ ውስጥ ዱቄት ጨመርኩ። አጠለቁት። ነጭ ሆነው ወጡ፣ ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ብቻ አልሳቅኩም። ይኼ ከተወለድኩ ደርሶብኝ አያውቅም።

ከሰዓት ለጉብኝት ፈጣም ወንዝ። ዳሩ ላይ ዋርካ አለ። ትልቅ። ጥላው ቀዝቃዛ። ወፍ አይጠፋበትም። ልክ እንዳልኩት። ሥሩ አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል። ሰላም ልለው አሰብኩ። ቢዞርስ? ተመለስኩ፤ ሩጫ ነበር ብትል አልክድም።

ማታ ሽሮ በስንግ ቃሪያ። የቡሬ ቃሪያን ዝና አገር ያውቀዋል። አፈር አፈር አለኝ። ጋ/ይ ግንባሬን ዳሰሱ፤ ወባ እንዳይሆን አሉ። ወባ የሚለውን ቃል ለምን ጠሩት?

ኅዳር 9፣ ቡሬ

በማንኩሳ የመጣ የአይሱዙ ሾፌር ወፍጮ ቤት ድረስ አፈላልጎኝ መጣ። በነጭ ጨርቅ የታሰረ ጭብጦ የሚያህል ነገር ሰጠኝ። በሶና ዳቦ ቆሎ። ከእማማ ይርገዱ። መልእክቱን ቃል በቃል ነገረኝ፦

«ልጄን አፈር ያለበሰ እጅ አይራብ። በሚካኤል ማግሥት እንነሣለን። ዛፉን የምታሳየን አንተው ነህ።»

ጋ/ይ አንድ እፍኝ ዘገኑ። እንዲህ ያለ በሶ ከበላሁ ዘመኔ ነው አሉ። እኔ ጨርቁን መልሼ አሰርኩ። ወፍጮው ይዞራል። ሌላ ጊዜ ዝም ብሎ ይጮኻል፤ ዛሬ ስም ይጠራል። አበጀ፣ አበጀ፣ አበጀ። ጋ/ይን ይሰማዎታል ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ቺንጋው ላልቶ ነው አሉ። አጠበቁት። አሁን ፈጠን ብሎ ይጠራዋል።

ኅዳር 10፣ ቡሬ፣ ምሳ ሰዓት

ለጋ/ይ ነገርኳቸው። መዶሻቸውን አስቀመጡ። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ። እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው፦

«መዋሸትህስ ዋሽተሃል። ምነው ቅጥር ውስጥ ብለህ በዋሸህ።»

እኔም ይኸው ሐሳብ መጥቶልኝ ነበር። ተመልሼ፣ ተሳስቼ ነው እማማ፣ ዋርካው የሌላ ልጅ ነው፣ አበጀ ቅጥር ውስጥ ነው ብላቸውስ? ያምኑኛል። እጄንም እንደገና ይስሙታል። እሱን ሳስብ እጄን ኪሴ ከተትኩ።

ነገ ማንኩሳ። ብቻዬን። ጋ/ይ የግማሽ ቀን ፈቃድ ሰጡ።

ኅዳር 11፣ ማንኩሳ

ግቢያቸው። በርበሬ ይለቅማሉ፣ ደህናውን ዛላ ከተበላሸው። ስንቁ በር ላይ ተዘጋጅቷል። ሲያዩኝ ሊነሡ ሞከሩ። አይነሡ አልኳቸው፣ ቆሜ ተናገርኩ። ከተቀመጥኩ እንደማልናገር ዐውቃለሁ።

«እማማ፣ አበጀን አላውቀውም። መተማንም ረግጬ አላውቅም።»

መልቀማቸውን አላቆሙም።

«ዋርካውስ?»

«የለም።»

«አልቀበርከውም?»

«ከአፌ ነው የወጣው። ሲጠይቁኝ አፍሬ።»

እጃቸው ቆመ። እኔን ሳይሆን በሩን፣ ስንቁን ነው ያዩት።

«እንግዲያ ቅጥር ውስጥ ሊሆን ይችላላ።»

አላውቅም፣ ሊሆን ይችላል አልኳቸው። አለማሳመር እንዴት ይከብዳል።

«ተመስገን» አሉ።

ከዚያ ተነሥተው በጥፊ አጮሉኝ። አንድ ጊዜ። እጁ በርበሬ የነካ እጅ ነው። ዓይኔ ጠፋ። አለቀስኩ፤ በበርበሬው ነው፣ መጀመሪያ ላይ በበርበሬው ነው። ራሳቸው ውሃ አፈሰሱልኝ፣ ፊቴን አጠብኩ። ሳይ፣ እንጀራ ቀርቧል፣ ተልባ ፍትፍት። አልቀርብ አልኩ።

«ያን ቀን ሳትጠራ በላህ። ዛሬ ጠርቼሃለሁ።»

በላሁ። አፈር አላለኝም። ሲሸኙኝ፣ መንገዱ ይቆይ፣ ስልክ አለህ አይደል አሉኝ። መተማ ያሉትን ካህናት እንድጠይቅላቸው። ያገኘሁትን እንድነግራቸው፣ «ሳታሳምር»። ይቺን ሁለቴ አሉኝ።

ኅዳር 13፣ ፍ/ሰላም፣ ጠዋት

ጋ/ይ የማያውቁት የወፍጮ ባለቤት የለም፤ መተማም አላቸው። እሱ ከአንድ ዲያቆን ጋር በስልክ አገናኘን። ዲያቆኑ ጠይቆ ትናንት ማታ መለሰ። አበጀ የሚለውን ስም የሚያስታውስ የለም። በዚያ ዘመን ለሰሊጥ የወረዱ ልጆች ብዙ ሞተዋል። ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ፣ በምሥራቅ በኩል፣ ስም የሌላቸው መቃብሮች በረድፍ አሉ። ድንጋይ ብቻ። ለሁሉም ተፈትቷል። ዛፍ የለም ወይ ብዬ ጠየቅኩት። አንድም የለም፣ ፀሐይ ነው አለኝ።

ዛሬ ማንኩሳ ወርጄ እነግራቸዋለሁ። ረድፉን፣ ድንጋዩን፣ ፀሐዩን። ስም አለመኖሩንም። ጋ/ይ መኪናው ውስጥ ሆነው ጥሩምባ ይነፋሉ። ማር ግዛ ብለውኛል፤ ለእማማ እንጂ ለአንተ አይደለም ብለው።

በዜና ዕረፍት ጀምሬ ይኼን ሁሉ ወረቀት ፈጀሁብህ እንጂ፣ ደብተሬ፣ ነገሩ ሲጠቀለል ይኸው ነው፦ አንድ ልጅ ሳይጠራ ተዝካር በላ፤ ሲጠይቁት አንድ ዛፍ ጠራ። በቃ። ትንሽ ነገር ናት። ያውም ዛፉ የለም፤ ዲያቆኑም የለም ብሏል፤ እና አሁን ከመኪናው ባሻገር የማየው ዋርካ፣ ጥላው ሥር ጀርባውን ሰጥቶ የተቀመጠው ሰው…