ስለ ብርሃኑና ስለ ሚያ መድኃኒት

ለታናሽ ወንድሜ ለሶ ቲንት፣ ፔናንግ፤

አስቀድሜ ላርምህ፤ ቅድስት አልሆንኩም። «እንኳን ደስ አለሽ» ያልከውን መልሰህ ውሰደው። ለመሆኑ ደህና ነህ? ወገብህስ ተሻለህ? ባለቤትህ ኤይ ቹና ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔን ሳሉ ለቆኛል፤ የለቀቀኝ ግን በሐኪም ሽሮፕ ነው እንጂ እንደሚወራው በብርሃን አይደለም።

የሆነው ይህ ነው። በተመስጦ ያየነውን ለመምህራችን ስንናገር፣ ነጭ ብርሃን አየሁ አልኩ። እንደተማርነው «ብርሃን፣ ብርሃን» ብዬ በልቤ አስተዋልኩት፤ ጠፋ። በቃ። እንዲህ ያለው ነገር ለመምህር ብቻ ይነገራል። የተመስጦ አዳራሹ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ኡ ባ ቴይ ግን ከመጋረጃው ጀርባ ምንጣፍ ሲያነጥፍ ሰምቶ «እማሆይ ቅድስት ሆኑ፤ ሳላቸውም በብርሃን ዳነ» ብሎ በድምፅ ማጉያ አወጀው፤ ፎቶዬንም ግድግዳ ላይ ሰቀለ። ብቆጣው፣ «እማሆይ፣ ትሕትናዎ ነው! ቡድሃስ ከዛፉ ሥር ባያይ ኖሮ ይህ ሁሉ ገዳም ከየት ይመጣ ነበር?» አለኝ፤ ያውም እየሳቀ።

ሃይማኖታችን ቡድሃ ከዛፉ ሥር ከነቃባት ከዚያች ሌሊት መወለዱን ማን ካደ? ነገር ግን ቡድሃ ከዛፉ ሥር ተነሥቶ አርባ አምስት ዓመት በእግሩ የዞረው «አየሁ» ለማለት ሳይሆን፣ እንዴት እንደሚታይ ለማስተማር ነው። የዛሬ ሰው ልፋቱን ትቶ ብርሃኑን ብቻ ይሻል። እኔ በልጅነቴ ብርሃን አየሁ ብዬ ወደ አሮጊቷ መምህሬ ብሮጥ፣ «መብራት ከሆነ የፈለግሽው ገበያ ውረጂ፤ ፋኖስ ሞልቷል» ብላ ወደ ቦታዬ መለሰችኝ።

እህታችን ሚያ ባትኖር ወሬውን በናቅሁት ነበር። ከእኔ ጋር ተመስጦ ልትቀመጥ መጥታ የስኳር መድኃኒቷን አቁማለች። «አንቺ በብርሃን ድነሽ የለ? ለእኔ ሲሆን ምነው ቀናሽ?» ትለኛለች። እግሯ ላይ ቁስል ወጥቷል። ያንተን የደስታ ደብዳቤ ደግሞ ለጎረቤት ሁሉ እያነበበች «ሶ ቲንት እንኳ አምኗል!» ትላለች። አየህ ያደረግኸውን? ያሳደገችህ እሷ ናት፤ ቃልህን አትጥልም። ይህ እንደደረሰህ ደውልላት።

ኤይ ቹን ሳምልኝ። ኒላን በትምህርቷ እንዳትሰንፍ ንገራት። የትንሹን የዚንን ጉንጭ ሳምልኝ።

ነገ በዓል ነውና ሕዝቡ የግቢያችንን የቦ ዛፍ፣ ቡድሃ ከሥሩ የተቀመጠበትን ዓይነት፣ ውኃ ሊያጠጣ ይመጣል። መጀመሪያ ፎቶዬን አወርዳለሁ። ቀጥዬ የኡ ባ ቴይን ድምፅ ማጉያ ተቀብዬ ቅድስት እንዳልሆንኩ፣ ሳሌም በሽሮፕ እንደዳነ እናገራለሁ። ከዚያ ክኒኑንና ውኃውን ይዤ ሚያ ፊት እቀመጣለሁ። እስክትውጥ ድረስ እህል አልቀምስም፤ እኛ መነኮሳት ከቀትር በኋላ መብላት እንደማይፈቀድልን፣ ካረፈደችም እስከ ማግስቱ እንደምራብ ታውቃለች።

እህትህ ኬማሲሪ
ሳጋይን ኮረብታ፣ የካሶን ወር ሙሉ ጨረቃ ዋዜማ