ሳልወድ የሠራሁልህ እግር

ውድ ጋሼ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው። ትናንት ሚስትህ፣ እትዬ፣ ደውላልኝ ነበር። «ወንድሜ፣ አትቀየመኝ፤ እሱ ያለውን ነው የምነግርህ» ብላ ቃልህን አደረሰችኝ። «ሆን ብሎ ነው ያበላሸው፤ ቂሙን በእግሬ ተወጣ» አልክ አሉ። የሠራሁልህን እግር አውልቀህ ቁም ሣጥን ሥር ወርውረኸዋል።

ጋሼ፣ ሰው ሠራሽ እግር መሥራት የጀመርኩት ጸጉሬ ጥቁር ሳለ ነው። በሠራሁት እግር በልጁ ሠርግ ላይ የጨፈረ አባት አለ። ሥራህ ስንፍና አለበት በለኝ፣ እንነጋገራለን። ቂም ገባበት ስትለኝ ግን ደሜ ይፈላል። ቂም እንዳለኝ አልክድም። ነገር ግን ከወርክሾፑ ደጅ አውልቄው ነው የምገባው፤ ስወጣ መልሼ እለብሰዋለሁ።

ቂሙን ታውቀዋለህ። እናታችን ስትታመም እኔ ዩኒቨርሲቲ ነበርኩ። ፈተና ላይ ነው ብለህ ደበቅከኝ። ሞተች፤ ያንንም ደበቅከኝ። በማዕረግ ማለፌን ልነግራት በሩን ገፍቼ ስገባ ልጆችህ አልጋዋ ላይ ሲዘሉ አገኘሁ። «ለአንተው ብዬ ነው» አልከኝ። ይቅርታ የምትለዋን ቃል ከዚያ ወዲህ ከአፍህ ሰምቼ አላውቅም።

ስኳር በሽታው እግርህን ከጉልበት በላይ እንዳስቆረጠህ ስሰማ «እኔ ብቻ ነኝ እንዴ ባለሙያ? ሌላ ይፈልግ» ነበር ያልኩት።

«እግዚአብሔር ተናገረኝ» የሚሉ ሰዎችን አልወድም። ብዙ ጊዜ የሚነግራቸው እነሱ የፈለጉትን ነው፤ ያን ቤት ግዛ ይላቸዋል፣ እሷን አግባ ይላቸዋል። ለእኔ የመጣው ትእዛዝ የምፈልገው ነገር አንድም አልነበረበትም። የእሱ መሆኑን ያወቅሁትም በዚህ ነው። ተንበርክኬ የአንድ ታካሚ እግር ሳስተካክል «ሂድና ለወንድምህም ሥራለት» የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ድምፅ አልሰማሁም። ጫማ ውስጥ እንደሚገባ ጠጠር ገባ እንጂ። ለሳምንታት ተከራከርኩት። «እሱ ይምጣ እንጂ እኔ ለምን እሄዳለሁ?» አልኩ። «መጀመሪያ ይቅርታ ይጠይቀኝ» አልኩ። ሌላ ባለሙያ ልላክ ብዬም ተደራደርኩ። ጠጠሩ ንቅንቅ አላለም።

ባለቤቴ መነጫነጬ ሲሰለቻት «ስበክ አላለህ፣ ዘምር አላለህ! ከአንዲት ሥራ በቀር የምታውቀው የለህም፤ እሷኑ ነው የጠየቀህ» አለችኝ።

መጣሁ። እትዬ በሩን ከፍታ አለቀሰች። አንተ ግን ከወንበርህ ሳትነሳ «ምሁሩ መጣ! ያ ሁሉ ትምህርት መጨረሻው ጄሶ ማቡካት ሆነ?» አልከኝ። ዋጥኩት። የአልጋውን ብረት ይዘህ ቆምክ፤ እኔ እግርህ ሥር ተንበረከክሁ። ለአንተ! እዚያ ወለል ላይ ሆኜ ያሰብኩትን እግዚአብሔር ብቻ ይወቀው። ልክህን ለመውሰድ የጄሶውን ፋሻ ስጠመጥም የተባባልነውን ግን ሁለታችንም እናውቀዋለን።

«ጋሼ፣ ጭንህን ልቀቀው።»

«ለቅቄዋለሁ።»

«አልለቀቅከውም። ድንጋይ ሆኗል።»

«ድሮም እንዲህ ነው። ኳስ ተጫዋች እንደነበርኩ ረሳህ?»

«አሁን ኳስ ልትጫወት አይደለም፣ ልትራመድ ነው። ልቀቀው።»

«አንተ ሥራህን ሥራ!»

ደግመን እንለካ ብልህ «ሂድልኝ፣ ደክሞኛል» አልክ። እግሩን ላስሞክርህ ስመጣም ያንኑ ጭን ገትረህ «ልክ ነው፣ ልክ ነው» እያልክ ሸኘኸኝ። ለምን እንደገተርከው አውቃለሁ። ጭንህ ከስቶ መሳሳቱን እንዳላይብህ ነው። ጄሶ ደግሞ የሰጡትን ነው የሚይዘው። የተገተረ ጭን ሰጠኸው፤ ለተገተረ ጭን የሚሆን እግር ወጣ። ቀኑን ሙሉ ጡንቻውን ገትሮ የሚውል ሰው የለም። ስትለቀው እግሩ ሰፋህ፣ ሲሰፋህ ፈገፈገህ፣ ቆሰልክ። ያቆሰለህ ኩራትህ ነው እንጂ የእኔ ቂም አይደለም።

እትዬ ስልኩን ስትዘጋ ደስ አለኝ ብልህ ታምናለህ? «ይኸው፣ ታዘዝኩ፣ ሠራሁ፣ ተሰደብኩ፤ በቃ፣ ተገላገልኩ» አልኩ። ዛሬ ጠዋት ሥራ ገብቼ ስንበረከክ ጠጠሩ እዚያው ነበር። የታዘዝኩት እግር እንድሠራልህ ነው፤ አንተ ደግሞ አሁንም እግር የለህም። ተቀምጠህ በሰነበትክ ቁጥር ዳሌህ እንደታጠፈ ይደርቃል፤ ያኔ እኔም ሆንኩ ሌላ ባለሙያ አያቆምህም። ይህን እያወቅሁ ተበድያለሁ ብዬ መቅረት አልችልም። ተናድጄ መምጣት ግን እችላለሁ። ፊትህን አብርተህ ሂድ የሚል ትእዛዝ አልደረሰኝም።

ስለዚህ ስማኝ። ቁስሉ ይሻር፤ እትዬ በየቀኑ ታጽዳልህ። እንደሻረ ትደውልልኝ፣ በማግስቱ እመጣለሁ። እንደ አዲስ እንለካለን፤ በዚህ ጊዜ ጭንህን ትለቀዋለህ። መክሳቱን አይቼዋለሁ፤ ከእኔ የምትደብቀው ነገር አልቀረህም። የእናታችንም ሰውነት መጨረሻ ላይ እንዲህ ሳስቶ ይሆን? እኔ አላውቅም። አላየኋትማ።

ጄሶው እስኪደርቅ ሁለታችንም ከቦታችን መነቃነቅ አንችልም፤ አንተ እንደቆምክ፣ እኔ እንደተንበረከክሁ። ያኔ የመጨረሻ ቀኗን ንገረኝ። ምን አለች? እኔን ጠይቃ ነበር? ስትጠይቅህስ ምን ብለህ መለስክላት?

ባትነግረኝም እግሩን እሠራልሃለሁ።

ተናድዶም ቢሆን የማይቀረው
ታናሽ ወንድምህ